ነጩ ጠጉር

በዳማዋ በቅሎ ጀርባ ላይ፣ ጋማዋ ከሚያልቅበት ጉብታ ትንሽ ወደ ኋላ፣ በስተግራ በኩል የግማሽ መዳፍ ስፋት ያላት ነጭ ምልክት አለች። ለማያውቅ ሰው አብራት የተወለደች ጌጥ ትመስለዋለች። ከጋማ ከብት ጋር የኖረ ሰው ግን ገና ከሩቅ ሲያያት ምን እንደሆነች ይገባዋል። ጭነት አንድን ቦታ ለረጅም ሰዓት ሲጫነው ደም ወደዚያ ቆዳ እንደ ልቡ መድረስ ያቅተዋል፤ ለጠጉሩ ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚበቅለው ጠጉር ነጭ ይሆናል። ዕድሜ ልኩንም ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ያቺን ምልክት ያተምኩባት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ትልቅ የአደን ጉዞዬ ነበር። መኪና የሚገባበት መንገድ ካለቀበት አንሥቶ ድንኳን እስከምንተክልበት ቦታ ድረስ የአንድ ሙሉ ቀን የእግር መንገድ ነው፤ አቀበት፣ ወንዝ፣ ድንጋያማ ቁልቁለት፣ እንደገና አቀበት። አራት በቅሎዎችና ሁለት ፈረሶች ነበሩን። ጠዋት ሁላችንም ቸኩለናል። ዳማዋን የመጫኑ ድርሻ የእኔ ነበር። በግራዋ የብረት ምድጃውን፣ ድስቶቹንና የቆርቆሮ ምግቡን፣ በቀኟ የመኝታ ከረጢቶቹንና ልብሱን አደረግሁ። ሁለቱን ጭነቶች በሁለት እጄ ብድግ ብድግ አድርጌ እኩል ናቸው ብዬ ፈረድኩ። በኋላ ሲመዘኑ በመካከላቸው የስድስት ኪሎ ልዩነት ተገኘ።

ስድስት ኪሎ ለቆመ ሰው ክንድ ቀላል ነው። ለሚራመድ ጀርባ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኮርቻውን በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ አንድ ወገን ይስበዋል፣ እርምጃውም በሰዓት በሺህ ይቆጠራል። ኮርቻው ወደ ግራ ሲያዘነብል አየሁ። አቃናሁትና የሆድ ጠፍሩን አጠበቅሁ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ደግሞ አዘነበለ፤ እኔም ደግሜ አጠበቅሁ። ያን ጊዜ ያላወቅሁት፣ ጠፍር ማጥበቅ የተዛባውን ሸክም ይበልጥ ወደ ቆዳዋ መቅበር መሆኑን ነው። መድኃኒቱ ቆሞ ክብደቱን ማስተካከል፣ እሱ ባይሆን እንኳ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንሥቶ ከቀለለው ጎን መክተት ነበር። ዳማዋ ሁለት ጊዜ ቆመች፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣጥፋ አንገቷን ወደ ግራ ጎኗ አዞረች። ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጋ ልትነግረኝ አትችልም ነበር። እኔ ግን በቅሎ ግትር ናት ሲባል የሰማሁትን ይዤ ለኮዋን ጎተትኩ።

ማታ ጭነቱን ስናወርድ ጀርባዋ ሁሉ በላብ ርሷል፤ በግራ በኩል ብቻ አንድ ደረቅ ቦታ አለ። ደረቁ ቦታ ላብ እንኳ መውጫ ያጣበት፣ ሸክሙ ታትሞ የዋለበት ቦታ ነው። ሌሊት አበጠ። በማግስቱ ተላጠ። ዳማዋ ገጣባ ሆነች።

ጉዟችንን የሚመሩት ሽማግሌ ጫኝ አልተቆጡም። እጄን ይዘው ከእብጠቱ ላይ አሳረፉትና፣ "ልጄ፣ ሙቀቱ ይሰማሃል? እንግዲህ ይህን እጅህ እንዳይረሳው" አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። በመልሱ ዳማዋ ያለ ጭነት ሄደች፤ ድርሻዋን ለሌሎቹ አከፋፈልነው፣ የቻልኩትን ያህል ደግሞ በራሴ ጀርባ ተሸከምኩ። ትከሻዬ ላይ የነበረው ማንገቻ ቆዳዬን ሲበላው ስለ ጭነት የመጀመሪያውን እውነተኛ ትምህርት ተማርኩ።

ከዚያ ወዲህ ለእኔ የአደን ጉዞ የሚጀምረው በዋዜማው ማታ ነው። ከዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ከበረቱ ወራጅ ላይ ተንጠልጣይ ሚዛን አስራለሁ። እዚያ ላይ ያልወጣ ጭነት በቅሎ ላይ አይወጣም። ስሌቱ በጫኞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ የጋማ ከብት ከራሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ገደማ ይሸከማል፣ ያውም ኮርቻውና ምንጣፉ ተጨምሮበት። 450 ኪሎ የምትመዝን በቅሎ እንግዲህ 90 ኪሎ ትችላለች። የጭነት ኮርቻው ከነጠፍሩና ከነምንጣፉ 18 ኪሎ ቢወስድ የሚቀረው 72 ነው፤ በየጎኑ 36። በሁለቱ ጎኖች መካከል ከአንድ ኪሎ የበለጠ ልዩነት ካየሁ እፈታለሁ፣ እንደገናም አስራለሁ። አብረውኝ የሚጓዙ ሰዎች ይህን ሲያዩ ትዕግሥታቸው ያልቃል፤ ቢያልቅም ግድ የለኝም።

አንዳንዱ ሰው "ይህች በቅሎ እኔን ቀኑን ሙሉ ተሸክማ ትውል የለም ወይ?" ብሎ ይከራከራል። የሚጋልብ ሰው ግን ከእንስሳው ጋር ይንቀሳቀሳል፤ አቀበት ላይ ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ይላል፣ ሲደክመው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። ጭነት በድን ነው። በቅሎዋ ስትሰናከል አያግዛትም፣ ስትዘል አብሯት አይዘልም፣ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይከተላታል። ፈረሰኛ የሚችል ጀርባ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ጭነት ከጠዋት እስከ ማታ ይችላል ማለት አይደለም።

አስቸጋሪው ግን ምን እንደሚቀር መወሰን ነው። ሰው ስለ እንስሳት ጭነት ሲያስብ የሚታየው የራሱ ትከሻ ነጻ መውጣቱ ነው፤ ስለዚህ የሚያምረውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ተጣጣፊ አልጋ፣ ወንበር፣ ትልቅ የበረዶ ሣጥን፣ ሦስተኛ ጫማ። እኔ ዕቃውን ሁሉ ሸራ ላይ ዘርግቼ እያንዳንዱን "አንተን የሚሸከመው የማን ጀርባ ነው?" ብዬ መጠየቅ ለምጃለሁ። መልስ የሌለው ዕቃ ይመለሳል። የማይመለሱም አሉ፤ የቁስል መድኃኒትና ማሰሪያ፣ ትርፍ ገመድ፣ መጥረቢያና መጋዝ፣ ከሰኮና ቆሻሻ ማውጫና ጥቂት የፈረስ ጫማ ከነምስማሩ፣ ትርፍ ጠፍርና ወስፌ። በዱር መሀል የተበጠሰን የሆድ ጠፍር መስፋት የማይችል ሰው ጉዞው በአንዲት ክር ላይ ተንጠልጥሏል።

ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ከኮርቻውም አጠገብ ይሆናል፤ ቀላሉ ከላይ። ጠርዝ ያለው ነገር ወደ ጎድን አጥንቷ አይዞርም። የሚንኳኳ ነገር ሁሉ በጨርቅ ይጠቀለላል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ነገር ግን ከጎኗ ድስትና ክዳን ሲጋጩ ሰምታ የደነበረች አንዲት በቅሎ ከኋላዋ የታሰሩትን ሁሉ ይዛ ገደል ልትገባ ትችላለች።

ስለ ኮርቻው ራሱ ጫኞች ሲከራከሩ ማደር ይችላሉ። በጣም የተለመደው ሁለት ጥንድ እንጨቶች በመስቀል ተጋጥመው የቆሙበት ነው፤ የጎን ከረጢቶቹ በማንገቻቸው ከመስቀሎቹ ላይ ይንጠለጠላሉ። ለጀማሪ የሚመች፣ ለማንሣትም ለማውረድም ፈጣን ነው። ሌላው በአሜሪካ በአይዳሆ ተራሮች የተወለደውና በዴከር ወንድማማቾች ስም የሚጠራው ነው። በመስቀሎቹ ፈንታ ሁለት የብረት ቀለበቶች አሉት፤ በጎንና በጎን ደግሞ ጭነቱ ጎድኗን እንዳይወጋ የሚከላከል፣ በውስጡ ለስላሳ ነገር የታጨቀበት ወፍራም ሸራ ይለብሳል። ዕቃው በሸራ እንደ ትልቅ ደብዳቤ ይታጠፍና በገመድ ይታሰራል፤ ከዚያ ከቀለበቱ በሚወርድ ገመድ ከጎኗ ይሰቀላል። እኔ ይህን እመርጣለሁ። ምክንያቱም በመንገድ ላይ አንዱ ጎን ቢከብድ ጭነቱን ሳልፈታ ገመዱን አላልቼ ከባዱን ትንሽ ከፍ፣ ቀላሉን ዝቅ ማድረግ ስለሚያስችለኝ ነው። ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለው ወደ ውጭ ስለሚወጣ ይበልጥ ይስባል። በዚያ የመጀመሪያ ጉዞ ይህን ባውቅ ኖሮ!

ከዴከር ኮርቻ በፊት የነበረው የሜክሲኮ በቅሎ ነጂዎች የሚጠቀሙበት አፓሬሆ ነው፤ እንጨት የሌለው፣ በሣርና በቀጫጭን ዘንጎች የታጨቀ ትልቅ የቆዳ ትራስ። የአሜሪካ ጦር ጭነትን በወጉ መጫን የተማረው ከእነዚያ ነጂዎች ነው። ጄኔራል ጆርጅ ክሩክ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በአሪዞና በረሃዎችና ተራሮች ባደረጓቸው ዘመቻዎች ጋሪ የማይገባበት ቦታ የገቡት በበቅሎ ቅፍለት ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው በበቅሎ መሄድን ይመርጡ ነበር። ከጭነቱ አናት ላይ የአልማዝ ቅርጽ የሚሠራው ዝነኛ አስተሳሰርም ከስፔንና ከሜክሲኮ ነጂዎች የተወረሰ ነው። አንዱ ጫኝ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ቆመው ገመዱን ይቀባበላሉ። የአስተሳሰሩ ውበት ሁሉም ጎን በአንድ ገመድ መያዙ ነው፤ አንዱ ወገን ሲላላ ሌላው ይስበዋል፣ ሲፈታ ደግሞ በአንድ ጉተታ ይፈታል። በቅሎ ወንዝ ውስጥ ስትወድቅ ያ አንድ ጉተታ ነፍስ ነው።

በቅሎን ባነሣሁ ቁጥር አንድ ተረታችን ትዝ ይለኛል። "በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ።" አህያውን አባቷን እንደምትደብቅ ተደርጎ ይወራባታል። እኔ ግን ለጭነት የምትመረጠው በአባቷ በኩል ስላገኘችው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ጠባቡና ጠንካራው ሰኮና፣ ሙቀትና ጥም መቻሏ፣ ከሚገባት በላይ አለመብላቷ፣ እግሯን የምታሳርፍበትን እያንዳንዱን ድንጋይ መርምራ መርገጧ ከአህያው ወገን የመጣ ነው። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶሞች አሏቸው፤ በቅሎ 63 ይዛ ትወለዳለች፣ ከጥቂት ብርቅ አጋጣሚዎች በቀር አትወልድም። ጆርጅ ዋሽንግተን በቅሎ ለማራባት ሲፈልጉ ከየትም ይልቅ ከስፔን ድንጉላ አህያ አፈላለጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1785 ንጉሥ ካርሎስ 3ኛ የላኩላቸው አህያ "ንጉሣዊ ስጦታ" ተብሎ ተጠራ። ከአባቷ የወረሰችው ሌላው ነገር ያ ግትርነት የሚባለው ነው። ፈረስ ሲፈራ ይሮጣል፤ በቅሎ ስትጠራጠር ቆማ ታስባለች። በገደል አፋፍ ላይ የምታስብ እንስሳ ብትቀድመኝ እመርጣለሁ።

ከእናቷ ወገን ደግሞ የፈረስ ፍቅር አላት። በቅሎዎች አንዲት ባዝራ ከመካከላቸው ካለች ከእሷ አይርቁም። የጥንት ጫኞች አንገቷ ላይ ደወል አስረው ማታ ይለቋት ነበር፤ ጠዋት ደወሉን ተከትሎ የሄደ ሰው በቅሎዎቹን ሁሉ በዙሪያዋ ያገኛቸዋል። እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። በሌሊት ከእንቅልፌ ስነቃ የዚያ ደወል ድምፅ ከሩቅ ከተሰማኝ መልሼ እተኛለሁ።

ሌላም ተረት አለን። "በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች።" በጭነት ቅፍለት ውስጥ ግን በቅሎ ገመዷን እንድትበጥስ ሆን ብለን እንረዳታለን። ተከታትለው ሲታሰሩ የኋለኛዋ ለኮ በቀጥታ ከፊተኛዋ ኮርቻ አይታሰርም። ከኮርቻው ኋላ ቀጭን የገመድ ቀለበት ይንጠለጠላል፤ ለኮው የሚታሰረው ከእሱ ነው። ቀለበቱ የዘወትር ስበት ይችላል፣ የወደቀች በቅሎ ክብደት ግን ይበጥሰዋል። አንዷ ገደል ብትገባ ሌሎቹን አትጎትትም። ሰዎች ጠንካራ ገመድ ሲያዩ ይደሰታሉ። እኔ በጉዞው ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የምመረምረው ደካማውን ነው፤ ዝናብ አጠንክሮት ወይም አንድ ሰው ደርቦ አስሮት እንደሆነ።

ጉዞው ከተጀመረ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መቆም ግዴታ ነው። እንስሳት ሲጫኑ ሆዳቸውን ይነፋሉ፤ ምንጣፉም ገና በጭነቱ አልታመቀም። ከዚያች አጭር መንገድ በኋላ የሆድ ጠፍሩ ሁልጊዜ ላልቶ ይገኛል። የደረት ጠፍሩ ኮርቻው አቀበት ላይ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት፣ የታፋው ጠፍር ደግሞ ቁልቁለት ላይ ወደ አንገቷ እንዳይመጣ ይይዘዋል። ሁለቱም ከመጠን በላይ ከጠበቁ እርምጃዋን ያሳጥራሉ፤ ጣቶቼን አስገብቼ አያለሁ። ስናወርድም ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ሆነን በአንድ ጊዜ ነው። አንዱን ጎን ብቻ ያነሣ ሰው ሌላው ጭነት ኮርቻውን ይዞ ከሆዷ ሥር ሲዞር ያያል፤ በቅሎዋም ያን ቀን አትረሳለትም። ጭነቱ ከወረደ በኋላ ጠፍሩን አላልቶ ኮርቻውን ለጥቂት ጊዜ መተው የሽማግሌው ጫኝ ወግ ነበር፤ የሞቀ ጀርባ በድንገት ለብርድ ሲጋለጥ ያብጣል ይሉ ነበር። እኔም አልተውኩትም።

በማደሪያ ቦታ በቅሎን ከዛፍ ግንድ አላስርም። ሌሊቱን ሙሉ መሬቱን በኮቴዋ ስትቆፍር ሥሩን ታራቁተዋለች፣ ልጡን ታኝከዋለች። በሁለት ዛፎች መካከል፣ ልጡን እንዳይበላው በሰፊ ጠፍር፣ ከራስ በላይ ከፍ ብሎ የተወጠረ ገመድ ይበቃል፤ ለኮዎቹ ከእሱ ይታሰራሉ። በምዕራብ አሜሪካ ብሔራዊ ደኖች ለእንስሳቱ የሚገባው ድርቆሽ ከአረም ዘር ነጻ መሆኑ የተመሰከረለት መሆን አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በፋንድያ የወጣ ዘር ይበቅላል። እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የዱር አካባቢዎች ሕግ በተከለሉት ቦታዎች ሞተር አይግባ ስለሚል የአገሪቱ የደን አገልግሎት እስከ ዛሬ በቅሎ ይይዛል፣ ጫኝም ይቀጥራል። በሞንታና የሚገኘው የናይንማይል ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1930 የተመሠረተው ለደኑ ሥራ የጭነት እንስሳት ለማቅረብ ነበር። በግራንድ ካንየን ውስጥ ያለችው የሱፓይ መንደር ደብዳቤዋን የምትቀበለው በበቅሎ ነው። ይህ ሙያ አላረጀም፤ መንገድ እስካልደረሰበት ድረስ ቦታው በእነሱ ጀርባ ይደረሳል።

አሁን ስለ አደኑ። ይህን የምለው አንዳንድ አዳኝ ወዳጆቼን እንደሚያስከፋ እያወቅሁ ነው። ሥጋውን የሚያወጣ ጀርባ ያላዘጋጀ ሰው መተኮስ የለበትም። ኤልክ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን ወንዱ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አጥንቱ ወጥቶ የሚበላው ሥጋ ብቻ ሲቀር 100 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በየጎኑ 36 ኪሎ ያልነውን አስታውሱ፤ አንድ ኤልክ ሁለት በቅሎ ይፈልጋል፣ ቀንዱና ቆዳው ሳይቆጠር። ድንኳኑና ምድጃው ደግሞ የትም አልሄዱም፤ እነሱም ተመላሽ ናቸው። ስለዚህ ሲሄዱ ሁሉንም በቅሎ እስከ አፉ የጫነ ሰው ሲመለስ ወይ እንስሳውን ያሰቃያል፣ ወይ ሥጋውን ለጥንብ አንሣ ይተዋል፣ ወይም ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ሁለት ጊዜ መመላለስ ድካም እንጂ ነውር አይደለም። የቀሩት ሁለቱ ግን በእኔ ዘንድ ነውር ናቸው።

ሥጋው በንጹሕ ጨርቅ ከረጢት ይገባና ጥላ ሥር ተሰቅሎ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ይበርዳል። ያልበረደ ሥጋ በሸራ ተጠቅልሎ ሲጫን ይበላሻል። ይህ ሥጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ደም ይሸታል። ለአዳኝ እንስሳ መብል ሆኖ የተፈጠረ ፍጥረት ትኩስ ደም ሲሸተው ቢደነግጥ ትክክል ነው። ዳማዋን መጀመሪያ ወደ ሥጋው ስወስዳት አላስገደድኳትም። በነፋሱ አቅጣጫ ከሩቅ እንድታሸተው ቆምን፣ ጥቂት ተጠጋን፣ እንደገና ቆምን። ጓንቴን አሸተተች። ግማሽ ሰዓት ወሰደብን። ያ ግማሽ ሰዓት ከባከነ ይልቅ ለብዙ ዓመት የተቀመጠ ገንዘብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ከሥጋ አልሸሸችም። ቀንዱ ከሁሉ በኋላ ከላይ ይታሰራል፤ ሹሎቹ ወደ እሷ እንዳይዞሩ፣ ጫፋቸውም እንዲሸፈን ተደርጎ። በላዩ ደማቅ ብርቱካናማ ጨርቅ እናስርበታለን። በጫካ ውስጥ ቀንድ ሲንቀሳቀስ ያየ ሌላ አዳኝ በቅሎ ነው ብሎ አያስብምና።

ባለፈው ወቅት ስንመለስ ዳማዋ የኤልክ ሥጋ ጭና ነበር፤ በግራ 35፣ በቀኝ 35 ተኩል። ወንዙን ተሻገርን፣ ድንጋያማውን ቁልቁለት ወረድን። ሽማግሌው ጫኝ አሁን መንገድ አይወጡም፤ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸዋል። ከበረቱ ደጃፍ ተቀምጠው ጠበቁን። ጭነቱን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በአንድ ጊዜ አወረድን። ጠፍሩን አላላሁ፣ ጠበቅሁ፣ ኮርቻውን አነሣሁ፣ ምንጣፉን ገለጥሁ። እሳቸው ከተቀመጡበት ተነሥተው በምርኩዛቸው ቀስ እያሉ መጡና መዳፋቸውን ከጋማዋ ጀምረው እስከ ወገቧ ድረስ በግራ ወሰዱት፣ ዞረውም በቀኝ መለሱት። ከነጩ ጠጉር ላይ ትንሽ ቆዩ። ጀርባዋ ከዳር እስከ ዳር እኩል ርሷል።

"ልቀቃት፤ ትንከባለል" አሉኝ።